በባዶው ቦታ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ

ልጄን እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ሊያስቀርልኝ ይችል የነበረው ነገር በእጅ የሚዳሰስ አልነበረም። ቤት አይደለም፣ ባል አይደለም፣ ሱቅ አይደለም። እሷ «መዋቅር» ነበር የምትለው። ካሜራ ምን ምን ክፍል እንዳለው፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ለኮምፒውተር የሚናገር የጽሑፍ ቅርጽ ነው። እኔ በስደተኛ ሰፈር እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለተማርኩ ይህን የማውቀው እሷ በነገረችኝ ልክ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ነግራኛለች፤ እኔም ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። እናት የልጇ መቅረትና መሄድ በምን ላይ እንደተንጠለጠለ ሳታውቅ እንዴት ትቀመጣለች?

ካርቱም ኮምፒውተር ስትማር፣ ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ጦርነቱ ተነሳ። በአንድ ቦርሳና በኮምፒውተሯ ተመለሰች። ኮምፒውተሩን በነጠላ ጠቅልላ፣ ነጠላውን ሆዷ ላይ አስራ፣ ከላይ ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ስለነበር ከመኪና ስትወርድ ሳያት ያረገዘች መስሎኝ ነበር። መርገዝ እንኳን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። በሕይወት ነበረቻ።

የምንኖረው ሆሽ ውስጥ ነው፤ አንድ ግቢ፣ ብዙ ቤተሰብ፣ አንድ በር። የእኛ ድርሻ አንድ ክፍልና ሁለት በገመድ የተጠለፉ አልጋዎች ናቸው። አባቷ ከድንበር እርሻ ታሞ መጥቶ ያረፈው በአንደኛው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ አልጋ የእሷ ሆነ። ካርቱም በነበረች ጊዜ የእህል ከረጢትና ባልዲ ደርድሬበት ነበር፤ ስትመጣ አነሳሁላት።

እኔ የምሠራው ከሲምሲም መጋዘን ነው፤ እዚህ ሰሊጥን ሲምሲም ነው የሚሉት። ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጬ አበጥራለሁ፣ ጠጠሩን እለቅማለሁ። ወቅቱ ሲያልፍ ልብስ አጥባለሁ። እሷ ይህን ሥራ አይታ ነው ያደገችው።

ከእሷ ጋር የተማሩት ልጆች አንድ በአንድ ሄዱ። ደላላ በጭነት መኪና ይጭናቸውና በበረሃው ወደ ግብፅ ይወስዳቸዋል፤ አንዳንዶቹ ከዚያም አልፈው ወደ ሊቢያ፣ ወደ ባሕሩ ይሄዳሉ። የአንዷ እናት እዚሁ ሆሽ ውስጥ ናት። ልጇ ከሄደች ጀምሮ ስልኳን ከደረቷ አውርዳ አታውቅም። ስልኩም ጮሆ አያውቅም። ውሃ ልትቀዳ ስታጎነብስ ስልኩ በርሜል ውስጥ እንዳይገባባት በአንድ እጇ ትይዘዋለች። እኔ እሷን ባየሁ ቁጥር ልጄ ግቢ ውስጥ መኖሯን ዞር ብዬ አያለሁ።

አንድ ጠዋት ልጄ እንዲህ አለችኝ።

«እማዬ፣ አንድ ውጭ አገር ያለ ድርጅት ለሙከራ ሥራ ሰጠኝ። ለጤና ጣቢያ የሚሆን የካሜራ መሣሪያ ነው የሚሠሩት። የዓይን በሽታ፣ የቆዳ በሽታ የሚታይበት። ሥራዬን ከወደዱት እዚሁ ቁጭ ብዬ እሠራላቸዋለሁ።»

«ካልወደዱትስ?»

የአልጋዋን ገመድ በጣቷ መጎተት ጀመረች።

«ካልወደዱትስ ልጄ?»

«ካልወደዱት ከልጆቹ ጋር እሄዳለሁ። ጠጠር ልለቅም አይደለም የተማርኩት።»

ወዲያው በራሷ ቃል ደነገጠችና ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው። እኔ ግን የእጄን ነገር አላሰብኩም። ያሰብኩት «እሄዳለሁ» ያለችውን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሥራዋ መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ይሰለቻት ነበር፤ በኋላ ግን ለእኔ ስትነግረኝ ለራሷም እንደሚጠራላት ነገረችኝ። የኮምፒውተር አስኳል አለ አለችኝ፤ እነሱ ከርነል ይሉታል። ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ፕሮግራም ካሜራውን በቀጥታ አይነካም፤ አስኳሉን ይጠይቃል፣ አስኳሉ ይመልስለታል። የእሷ ሥራ የዚያን መልስ ቅርጽ ማውጣት ነው።

«የውሃውን ካሮ አስቢው» አለችኝ፣ ውሃ የሚያመጣውን የአህያ ጋሪ ማለቷ ነው። «ጋሪው ላይ ያለው በርሜል አንድ ነገር ነው። ቱቦው አንድ ነገር ነው። የእኛ በርሜል አንድ፣ የሸክላው ዚር አንድ። እያንዳንዱ አፍ አለው፤ ወይ የሚቀበልበት፣ ወይ የሚሰጥበት። የቱቦው አንዱ አፍ ከጋሪው፣ ሌላው አፍ ከእኛ በርሜል ይገጥማል። አይደል?»

«ነው።»

«ካሜራም ውስጡ እንደዚያ ነው። ብርሃን የሚቀበል ክፍል አለ፤ እሱ ለሌላው ይሰጣል፤ ያኛው ቀለሙን ያስተካክላል፤ ሌላው መጠኑን ያሳንሳል። እኔ የምጽፈው ይሄ ክፍል አለ፣ ይሄ አፍ አለው፣ ይሄ አፍ ከዚያኛው ጋር ገጥሟል የሚለውን ነው። ለእያንዳንዱ ነገር ስንት ቦታ እንደሚሰጠው፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል።»

«ይሄማ ቀላል ነው» አልኳት። «እኔም እነግራቸዋለሁ።»

ሳቀች። «ከባዱ እሱ አይደለም። ከባዱ አንዴ ሰው እጅ ከገባ በኋላ አለመለወጡ ነው። የሆሹን ግንብ አስቢ። አንዴ ከቆመ በኋላ ሁሉም ቤቱን ደገፍ አድርጎ ሠርቷል። ግንቡን አንድ ክንድ ልግፋው ብትዪ የስንቱ ቤት ይፈርሳል? ለዚህ ከመጀመሪያው ባዶ ቦታ ይተዋል። ነገ አዲስ ነገር የሚያመጣ ሰው ግንቡን ሳይነካ እዚያ ባዶው ውስጥ ያስገባል።»

«ባዶው ውስጥ ምን ይቀመጣል?»

«ምንም። ዜሮ። ዜሮ ማለት ስለዚህ ነገር ገና የምለው የለኝም ማለት ነው።»

«ማን ይጠብቀዋል?»

«ማንም አይጠብቀውም፣ እማዬ። ሕግ ነው፤ ሁሉም ያከብረዋል።»

ያኔም ደስ አላለኝም። ጠባቂ የሌለው ባዶ ቦታ እኔ በሕይወቴ አላየሁም።

እዚህ እንዴት እንደምንኖር መናገር አለብኝ። እኔ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ድንበሩን ከተሻገርኩ ጀምሮ፣ ወድ ኤል ሒለው አጠገብ በስደተኛ ሰፈር ውስጥ ሳድግ፣ ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነበር። ፀሐዩ ሰው ያቃጥላል፤ ስለዚህ ለውሃ ስንሰለፍ ድንጋይ እናስቀምጥና ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ድንጋይ ያጣ አንድ እግር ጫማ፣ የተቀደደ ጀሪካን ያስቀምጣል። የመጣው ሰው «ይሄስ?» ሲል ከጥላው ሥር «ሰው አለው!» ይባላል። አበቃ። አማራው፣ ትግሬው፣ ሱዳናዊው የሰው ድንጋይ አይነካም። በኋላ ድንበሩ ላይ፣ ሐምዳይት፣ አዲስ ስደተኛ በፈሰሰ ጊዜም፣ ገዳሪፍ የዳቦ ወረፋ በረዘመ ጊዜም እንደዚያው ነው። ድንጋይ ያልተቀመጠበት ቦታ ግን የማንም ነው። ክፍል እንኳን ባዶ ከተገኘ የሆሹ ባለቤት ሌላ ተፈናቃይ ያስገባበታል። ልጄ በእግሯ ከመሄዷ በፊት ወረፋ ላይ ተቀምጣ የራሷን ድንጋይ ታቅፍ ነበር። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። እንዲሁ ነው የኖርነው።

ኢንተርኔቱ የሚገኘው ሃጂ ዘንድ ነበር። ሃጂ የአገራችን ሰው ነው፤ ሱቁ ጓሮ የሳተላይት ሰሃን አቁሟል። የስልኩ ሸበካ፣ ኔትወርኩ፣ በጠፋ ጊዜ ከተማው ሁሉ ለዘመዱ የሚደውለው ከእሱ ጓሮ ነበር። ልጄ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ እዚያ ትሄዳለች። እኔም ብቻዋን መልቀቅ ስለማልችል ወደ መጋዘን ከመግባቴ በፊት አደርሳታለሁ። ደጋግሜም ኮምፒውተሩን በመዳፌ እዳስሰው ነበር፤ ትኩሳት ያለበት ሕፃን ይመስል። ሲግል እፈራለሁ፤ ሲቀዘቅዝም ሞተ ወይ ብዬ እፈራለሁ።

«እትዬ፣ ልጅሽ ዛሬም ካሜራ ልትበረብር መጣች?» ይላል ሃጂ። «አንድ ቀን እንኳን ፎቶ አንሺኝ ብላት እንቢ አለች። ምን ዓይነት የካሜራ ሐኪም ናት?»

«ሃጂ፣ የእርስዎ ሆድ ብዙ ቦታ ይፈጃል» ትለዋለች ልጄ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል። «እኔ ያለኝ ቦታ ደግሞ የተቆጠረ ነው።»

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ! እትዬ፣ ሰማሽ ልጅሽን? ነገ ከጓሮዬ ነው የማባርራት!»

«አባርራት፤ አንተን ማን ከሚስትህ ጋር በስልክ ሊያስታርቅህ ነው?» እለዋለሁ እኔ። የሃጂ ሚስት ከሰላ ከተማ ናት፤ ስልኩን በአግባቡ የምታገናኝለት ልጄ ነበረች።

እነዚያ ጥሩ ጠዋቶች ነበሩ። ያኔ ጥሩ መሆናቸውን አላወቅኩም፤ ተጨንቄ ነው ያሳለፍኳቸው። ዛሬ ሸበካው ይቋረጣል፣ ዛሬ የጦር አውሮፕላን ይመጣል፣ ዛሬ ሰዎቹ አይወዱትም እያልኩ።

ወደዱት። አንድ ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ እየሮጠች መጋዘን ድረስ መጣች፤ ሰሊጡ ላይ ቆማ ሴቶቹ ሁሉ ጮኹባት። «ተቀበሉት! መሣሪያው ውስጥ ገብቶ ወጣ! ሰው እጅ ገባ!» አለች። እኔ ተነስቼ ማቀፍ ሲገባኝ «ውጪ ከሰሊጡ፣ ታስባርሪኛለሽ» ነው ያልኳት። ለትንሽ ጊዜ ጨረቃና አደይ የሆነች ልጅ ነበረች ቤቴ ውስጥ። ለሙከራው ማብቂያ ትንሽ ነበር የቀራት፤ ከዚያ በኋላ ቋሚ ሊያደርጓት ነበር። ስለ ጭነት መኪናው ማንም አላነሳም። የአልጋዋን ገመድ አዲስ አስጠለፍኩላት። መቆየት ያለበት ሰው አልጋ መላላት የለበትም ብዬ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሃጂ ጓሮ ውስጥ አንድ ነገር አነበበች። አጠገቧ ነበርኩ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ወባ ሲጀምር ሰው ፊቱ ላይ የሚወጣው ግራጫ ነገር ነበር።

«ምን አሉሽ?»

ደጋግማ አነበበች። ኮምፒውተሩን ዘጋች፣ ከፈተች፣ የጻፈችውን ፈለገች። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ በልጅነቷ ዕቃ ሰብራ በምትነግረኝ ድምፅ፣ «ድንጋይ አስቀመጥኩ፣ እማዬ» አለችኝ።

አልገባኝም። ቤት እስክንደርስ አልነገረችኝም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው የነገረችኝ።

ያን ባዶ የተተወ ቦታ ባዶ አልተወችውም። የራሷን ቁጥር ጻፈችበት። ለምንም የማያገለግል ቁጥር፤ ሌላ ሰው ሳይነግራት ገብቶበት እንደሆነ የምታውቅበት ምልክት እንጂ። ዜሮ መሆን እንዳለበት ታውቅ ነበር፤ ለእኔ ያስተማረችኝ እሷ ናት። «ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ» አለች። «እንዲሁ ክፍት ትቼው ልሄድ አልቻልኩም። ሳላስብበት ነው የጻፍኩት። ስጽፈው እንኳን ስህተት አልመሰለኝም፤ ጥንቃቄ ነው የመሰለኝ።»

ከእሷ በኋላ አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ መጣ። መዋቅሩ ላይ አዲስ ነገር መጨመር ፈለገ፤ ካሜራው በየት በኩል ዞሮ እንደተገጠመ የሚናገር። ባዶ ቦታ አለ ተባለ፣ እዚያ አስገባ። አዲሱ ፕሮግራም ወጣ። በአዲሶቹ መሣሪያዎች ላይ ሁሉ ደህና ነበር። ቀድመው ጤና ጣቢያ በደረሱት ላይ ግን ፕሮግራሙ ያንን ቦታ ሲያይ ዜሮ ሳይሆን የልጄን ቁጥር አገኘ። ካሜራው ተገልብጦ የተገጠመ መሰለው። ሥዕሉን ገለበጠው። ሐኪሙ የበሽተኛውን ዓይን ሲያይ ከላይ ያለው ከታች፣ የግራው የቀኝ ሆነ።

«ታዲያ አንሺዋ ድንጋዩን» አልኳት። «ጻፊላቸው፣ አነሳዋለሁ በያቸው።»

«አይነሳም። ወጥቷል። ሰው እጅ ገብቷል። መሣሪያዎቹ ሸበካ በሌለበት ገጠር ናቸው። አሁን ከዚህ በኋላ የሚጻፍ ፕሮግራም ሁሉ ‹እዚህ ቦታ ላይ ይሄን ቁጥር ካገኘህ እንዳታምነው› የሚል ነገር መጻፍ አለበት። እኔ ከሞትኩም በኋላ።»

«ሰው አልሞተ! ይቆጡሽና ይተዉታል።»

«አልተቆጡም» አለች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። «ቢቆጡ ጥሩ ነበር። ለምን እንዳስቀመጥኩት ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? ሰው እንዳይወስድብኝ ነው ልበላቸው?»

ያንን ቀን ሥራ ገባሁ፤ መቅረት አይቻልም ነበር። ሰሊጡ ፊቴ ተከመረ። ቀኑን ሙሉ ጠጠር ለቀምኩ። እጄ ጠጠር የማይስት እጅ ነው፤ ሴቶቹ ያውቁታል። ከአንድ ጆንያ ውስጥ ጥፍር የማታህል ጠጠር አወጣለሁ። የልጄን ግን በምን ላውጣው? የት እንዳለ እንኳን ማየት አልችልም።

ድርጅቱ በትህትና ነው የሸኛት። ሙከራው አብቅቷል፣ ለደከምሽው እናመሰግናለን አሏት። ሃጂ ነገሩን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። «ሌላ ይገኛል ልጄ፣ ጓሮዬ የትም አይሄድም» አላት። እሷም ሞከረች። ለሌሎች ጻፈች። መልስ የሰጠ የለም። ቀን ቀን አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ኮምፒውተሩ በነጠላው ተጠቅልሎ ቀረ። በመዳፌ ስነካው ቀዝቃዛ ነበር።

እኔ ብዙ ነገር ሞከርኩ። ሃጂ ሱቅ ውስጥ እንዲያስቀምጣት ለመንኩት፤ እሺ አለ፤ እሷ እንቢ አለች። የስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኳት፤ ተመልሳ መጣች። ለጎረቤቴ፣ ስልኳን ከደረቷ ለማታወርደው፣ «አንቺ ምከሪልኝ፣ አንቺን ትሰማሻለች» አልኳት። ገብታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ስልኳን ከደረቷ አውጥታ ለልጄ አሳየቻት። ልጄ ስልኩን አየችው። «አይቻለሁ እቴ» አለቻት። ጎረቤቴ ወጥታ «አላወቅኩበትም» አለችኝ። እኔም ሌላ የምልካት ሰው አጣሁ።

የሄደችው ጠዋት ነው። አልደበቀችኝም፤ ለዚህ እንኳን አመሰግናታለሁ። ከረጢቷን ሸክፋ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ሸራ ጫማ አድርጋ ቆመች። ነጠላ ጫማዋን አልጋው ሥር ተወችው። በረሃ ላይ አይሆንም አለች። ኮምፒውተሩንም ተወችው። «ይሰርቁብኛል፤ አንቺ ዘንድ ይሁን» አለች።

«ውሃ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«መኪናው ላይ ከጠርዝ እንዳትቀመጪ። መሃል ሁኚ። ሰው መሃል ሁኚ።»

«እሺ እማዬ።»

«መሃል ቦታ ቀድመሽ ያዢ።»

እንዲህ ካልኩ በኋላ የተናገርኩት ገባኝ። እሷም ገብቷት ፈገግ አለች፤ ጠላቴን እንደዚያ ፈገግ አያድርገው። «እይዛለሁ» አለች። እስከ ሆሹ በር ሸኘኋት። ከዚያ በኋላ አልፈለገችም። መኪናው ሲነሳ ድምፁን ሰማሁት፤ ወይም ሌላ መኪና ይሆናል። በዚያ መንገድ ብዙ መኪና ያልፋል።

ቤት ተመልሼ አልጋዋ ላይ የእህል ከረጢቱንና ባልዲውን ልደረድር ነበር፣ ድሮ እንደማደርገው። እጄ እንቢ አለ። ባዶውንም ልተወው አልቻልኩም። ነጠላ ጫማዋን ከአልጋው ሥር አወጣሁና ጠርጌ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ፣ አዲሱ ገመድ ላይ መሃል ለመሃል አስቀመጥኩት።

ከሳምንት በኋላ የሆሹ ባለቤት አንዲት ሴት ይዞ መጣ። ከሲንጃ በኩል የተፈናቀለች ሱዳናዊት ናት፤ ሕፃን ታቅፋለች፣ ሕፃኑ ትኩሳት አለው። ለጥቂት ቀን አስጠጊያት አለኝ። እንዴት እንቢ እላለሁ? እኔም በሰው ቤት ነው ያደግኩት። ግቢ አልኳት። ምንጣፍ አነጠፍኩላት። ውሃ ሰጠኋት። ሕፃኑን በመዳፌ ዳሰስኩት።

ሴትየዋ አልጋውን አየች። ጫማውን አየች። ሕፃኑን ከመሬት ከፍ ልታደርገው እንደፈለገች ዓይኗ ይናገራል።

«ይሄስ?» አለችኝ በአረብኛ፣ በቀስታ።

ልጄ ከሄደች ጀምሮ ሃጂ ጓሮ እየሄድኩ ብጠብቅም ስልኳ እንዳልመጣ አውቃለሁ። አልጋው ላይ ጫማ መቀመጡ እሷን እንደማያመጣት አውቃለሁ። ባዶ የተተወ ነገር ባዶ መሆን እንዳለበት፣ ነገ ለሚመጣው መቆየት እንዳለበት ልጄ በደንብ አስረድታኛለች። ሕፃኑ ጉንጩ እንደ እሳት ነበር።

«ሰው አለው» አልኳት።

አልተከራከረችም። ወረፋ ላይ እንደምንለው ነው የገባት። አንገቷን ነቀነቀችና ሕፃኑን ምንጣፉ ላይ፣ ከአልጋው አጠገብ፣ መሬት ላይ አስተኛችው።